ለቅዳሜው ፊልም፦ ቁልፏን ልብ ብላችሁ እዩ

ውድ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ።

ቅዳሜ የምናየው የቺሊያዊው ፓትሪሲዮ ጉስማን የ2015 ዘጋቢ ፊልም «የዛጎል ቁልፍ» ነው። የቺሊው ወታደራዊ አምባገነን የፒኖቼ አገዛዝ የገደላቸውን እስረኞች ከሐዲድ ብረት ጋር እያሰረ ባሕር ውስጥ ይጥል ነበር። ከዓመታት በኋላ ጠላቂዎች ካወጡት የዛገ ሐዲድ ላይ አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ ተጣብቃ ተገኘች። ሥጋም አጥንትም የለም፤ ቁልፏ ግን አለች። የማን እንደነበረች ማንም አይነግረንም፣ ያም ሆኖ ጠዋት ተነሥቶ የቆለፋት ሰው እንደነበረ ማንም አይጠራጠርም። ለእኔ የፊልሙ ልብ እዚህ ላይ ነው። (መስቀል አደባባይ የሚገኘውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ጎብኝታችሁ የሟቾቹን ልብስ ያያችሁ፣ ስሜቱን ታውቁታላችሁ።)

አጭር ዘጋቢ ፊልም እየሠራችሁ ያላችሁ ደግሞ አደራ፦ ባለታሪካችሁን ከማናገራችሁ በፊት ዕቃዎቹን ቅረጹ። ተረከዙ ያለቀ ጫማ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ መታወቂያ፣ በር ጀርባ የተሰቀለ ኮት። እንዳታስተካክሏቸው፣ ካሉበትም እንዳታነሷቸው። ቃለ መጠይቁ የሚሸሽገውን ብዙ ጊዜ እነሱ ይናገራሉ።

የቀረጻችሁትን ይዛችሁ ኑ፤ ከፊልሙ በኋላ አብረን እናየዋለን።