ጉዳዩ፦ ገንዘብ የምንከፍልበትን የሲስተም ጥበቃ ማየት ስላልቻልን

ለክትትል አገልግሎት ሰጪያችን
አዲስ አበባ

ፋየርዎላችንን (የኔትወርክ መከላከያችንን)፣ ሰርቨሮቻችንንና ኢሜይላችንን 24 ሰዓት እንድትከታተሉልን ከተዋዋልን ሁለተኛ ዓመታችንን ይዘናል። ክፍያ አዘግይተን አናውቅም። ባለፈው ወር የደረሰብን ግን ዝም የሚያሰኝ አልሆነም።

ችግሩን ያወቀው የእናንተ ሲስተም አይደለም። መርካቶ ያለ የጅምላ ደንበኛችን ነው። ደውሎ «የባንክ ሒሳብ ቁጥር ቀየራችሁ እንዴ?» አለን። አልቀየርንም። ከሒሳብ ክፍላችን ኢሜይል ግን በአርማችን፣ ቁርጥ በእኛ አጻጻፍ መልእክት ሄዶለታል። ሰውየው ተጠራጥሮ ባይደውል ገንዘቡን ውሃ በልቶት ነበር።

ወዲያው ፖርታላችሁን ከፈትን። ሁሉም አረንጓዴ። አንድም ክፍት ቲኬት (ያልተዘጋ የችግር መዝገብ) የለም። ስንወተውት ከርመን በአራተኛው ቀን ሰንጠረዥ ላካችሁልን። እዚያ ውስጥ አንዲት መስመር አገኘን፦ ሥራ የለቀቀች ባልደረባችን አካውንት በቪፒኤን (ከውጭ ወደ ኔትወርካችን በሚያስገባው መስመር) ገብቷል፤ ሰዓት 23:40። ሰዓቱ የግሪንዊች መሆኑ የገባን ዘግይቶ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ40 ነው (ይህንንም አስተካክሉልን)። ማንቂያው ተነስቷል። በ9 ሰከንድ ውስጥ ተዘግቷል። ምክንያት፦ «የተለመደ እንቅስቃሴ»። የዘጋው፦ «አውቶማቲክ»።

አካውንቱን ሳንሰርዝ መቅረታችን የእኛ ጥፋት ነው፤ አንክድም። ነገር ግን ባለሙያችሁን ስንጠይቅ «ሲስተሙ ራሱ ነው የዘጋው» ብሎን አረፈ። ሲስተሙን ዝጋ ያለው ማን ነው? ቆይተን እንደሰማነው ማንቂያውን በራሱ የሚዘጋው ደንብ የተጨመረው «ማንቂያ በዛ» ተብሎ ነው። የሌሊቱን ክትትል የሚሠራውም እናንተ የቀጠራችሁት ሌላ ድርጅት ነው። ሁለቱንም ማንም አልነገረንም። ዘበኛ ቀጠርን፤ ዘበኛው ሌላ ዘበኛ ቀጠረ፤ እሱም በሩን ለማሽን ትቶ ተኛ።

እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ ታርጌት የተባለው የመደብሮች ድርጅት መረጃው ሲዘረፍ ማንቂያው ሕንድ፣ ባንጋሎር ካሉት ተከታታዮቹ ሚኒያፖሊስ ያለው ዋና መሥሪያ ቤቱ ድረስ ደርሶ ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ ተባለና የ40 ሚሊዮን ካርዶች መረጃ ወጣ። እነሱ ቢያንስ ተነግሯቸው ነው። እኛ ጋ ማንቂያው የሰው ዓይን አላየም።

ሰርጎ ገቡ መጀመሪያ የገባው መቼ ነው? ይህንንም ማወቅ አልቻልንም። ከ30 ቀን በላይ የቆየውን ሎግ (የእንቅስቃሴ መዝገብ) ሰርዛችሁታል። በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት መረጃ ሲያፈተልክ በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ ያለብን እኛ ነን። የእናንተ አንድ ሰንጠረዥ ብቻ አራት ቀን ፈጀ።

ስለዚህ ወር በገባ ቁጥር የምትልኩትን ባለቀለም ፒዲኤፍ አቁሙና ዋናውን ኮንሶል (እናንተ የምትከታተሉበትን ገጽ) ቢያንስ ለማየት ክፈቱልን። ማንቂያ በራሳቸው የሚዘጉትን ደንቦች ሁሉ፣ ማን መቼ እንዳስገባቸው ጭምር ላኩልን። ከዛሬ ጀምሮ እኛ ሳንፈርም አንድም እንዳይጨመር። ሎጉ እንዳለ ወደ ራሳችን ሰርቨር ይገልበጥ፤ ማከማቻውን እኛ እንችላለን። ሌሊት የሚጠብቀን ማን እንደሆነ፣ ስልኩስ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ አሳውቁን።

መልሳችሁን በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ እንጠብቃለን። እስከዚያ የዚህን ወር ክፍያ ይዘነዋል።

ከሰላምታ ጋር
የአይቲ ክፍል ኃላፊ

ግልባጭ፦
ለዋና ሥራ አስኪያጅ
ለሒሳብ ክፍል