ኮንጎአውያኑ በየትኛው ገጽ ተናገሩ?

ክቡር አዘጋጅ፣

አውሮፓውያን ደራሲያን ስለ አፍሪካ በጻፏቸው ልቦለዶች ላይ ባለፈው እሑድ ያወጣችሁት ጽሑፍ፣ «የጨለማ ልብ» (Heart of Darkness) በተባለው የጆሴፍ ኮንራድ የኮንጎ ልቦለድ ውስጥ የአገሬው ሰዎች በደላቸውን በራሳቸው አንደበት ይናገራሉ ይላል። ጸሐፊው መጽሐፉን አንብበውታል? እነዚያ ሰዎች አንባቢ የሚረዳው ቃል የሚወጣቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንደኛው ሊበላ ሰው ይዘው እንዲሰጡት ይጠይቃል፤ ሌላው ኩርትዝ የተባለው ነጭ መሞቱን በተሰባበረ እንግሊዝኛ ያረዳል። ናይጄሪያዊው ደራሲ ቺኑዋ አቼቤ ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካ ውስጥ ባደረገው ንግግር ነቅሶ አውጥቶታል። በደላቸውን የተናገሩበትን ገጽ አሳዩኝ!

ኮንራድ የዝሆን ጥርስ ነጋዴዎቹን ስግብግብነት ማጋለጡን አልክድም። አንገታቸው በብረት ተቀፍድዶ በሰንሰለት የተያያዙትን ሰዎች ጽፏቸዋል። ግን አላናገራቸውም። ዘመኑ ነው እንዳትሉኝ፤ ኮንራድ ኮንጎ ውስጥ ስታንሊ ፏፏቴ በደረሰበት እ.ኤ.አ. በ1890፣ ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ ጆርጅ ዋሽንግተን ዊሊያምስ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ እዚያው ሆኖ ኮንጎን ይገዛ ለነበረው ለቤልጂየሙ ንጉሥ ሊዮፖልድ ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ የሕዝቡን አቤቱታ አሰምቷል። መስማት ለፈለገ ጆሮ ድምፁ ነበረ።

እኔን ለምን አንገበገበኝ? አባቴ ከተባበሩት መንግሥታት ጦር ጋር ኮንጎ ከዘመቱት ኢትዮጵያውያን አንዱ ነው። የሰፈረው ስታንሊቪል፣ የዛሬዋ ኪሳንጋኒ ነበር፤ ኮንራድ በእንፋሎት መርከብ የደረሰበት ያው ስፍራ። ሳሎናችን በተሰቀለችው ፎቶ ላይ ከኋላው፣ አረፋ በሚደፍቀው ውሃ መካከል የተተከሉ ግንዶች ይታያሉ። የዋጌኒያ ዓሣ አጥማጆች ትልልቅ የቅርጫት ወጥመዶቻቸውን የሚያስሩባቸው ናቸው። ስዋሂሊ ያስተማሩት እነሱ ናቸው፤ ሕዝቡ ጎማ እንዲለቅም በሚገደድበት በጎማው ዘመን አያቶቻቸው ያዩትን መከራም አጫውተውታል። ልጆች ሳለን ጠዋት ጠዋት «ጃምቦ!» እያለ ይቀሰቅሰን ነበር።

ዩኒቨርሲቲ መጽሐፉን ስንማር ይህንን ባነሳ፣ መምህሩ የቤተሰብ ወሬ ክፍል ውስጥ አይወራም ብለው አስቀመጡኝ። እናንተ ደግሞ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ኮንጎ ስትጽፉ፣ እዚያ ስለዘመቱት ያገራችሁ ልጆች አንዲት መስመር አልተረፋችሁም። ካሉት መካከል አንዱን ጠርቶ መጠየቅ ይህን ያህል ይከብዳል?

እርማቱ በዚያው ገጽ ላይ፣ በዚያው የፊደል መጠን እንዲወጣ እጠይቃለሁ። አባቴ 86 ዓመቱ ነው፤ ዓይኑ ስለደከመ ጋዜጣችሁን የማነብለት እኔ ነኝ። እሑድ ዕለት ያቺን ዓረፍተ ነገር ዘልዬ ነው ያነበብኩለት።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ