በዘይት የገባ እጀታ እንደገባ ይወጣል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባሕር ዳር ውስጥ ሳይክል ጠጋኝ ነኝ። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ካለ ዋርካ ሥር አንድ ሳጥን፣ አንድ መንፊያና አንድ ሳፋ ውኃ ይዤ 26 ዓመት ተቀምጫለሁ። ጋዜጣችሁ የሚደርሰኝ ከጎኔ ቡና የምታፈላው ልጅ ደንበኞቿ ትተውት ሲሄዱ ስለምታስቀርልኝ ነው፤ አንዳንዴ የሦስት ቀን ይሆናል። የምጽፈው ስለ ሳይክል መሪ እጀታ ነው፤ ስለዚያች በእጃችን ስለምንጨብጣት ጎማ። አትሳቁብኝ።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ አባት ልጁን ይዞ፣ ከተገዛ ሳምንት ያልሞላው ሳይክል እየገፋ መጣ። የልጁ መዳፍ ተልጧል፣ አገጩ ላይ ፕላስተር አለ። አባትየው እጀታዋን ከኪሱ አወጣና፣ “ጋሼ፣ ይቺ እኮ እጁ ላይ ቀረች” አለኝ። ተቀብዬ ውስጧን ዳሰስኩት፤ ጣቴ ጠቁሮ ወጣ። የሞተር ዘይት ነው። ሳይክሉን የገጣጠመው ሰው እንዲቀለው ብሎ ቧንቧውን ዘይት ቀብቶ ነው ያስገባት። ልጁ ፍጥነት መቀነሻ ላይ ሲደርስ እንደ ልጆች ወግ መሪውን ወደ ላይ ሳብ ቢያደርገው እጀታዋ ተከትላው መጣች።

የአንድ ሱቅ ጥፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር አላነሳም ነበር። የእኛ የጠጋኞችም ልማድ ነው። እኔን ሥራ ያስተማሩኝ ሽማግሌ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በዘይት ነበር የሚያስገቡት። እውነት ለመናገር ደረቅ ጎማ በደረቅ ብረት ላይ እሺ አይልም። ግማሽ መንገድ ሄዶ ነክሶ ይይዛል፤ ከዚያ ወደፊትም የለ፣ ወደኋላም የለ። ደንበኛው ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ያኔ ዘይት ጠብ ሲያደርጉበት ሙልጭ ብሎ ይገባል። ችግሩ ዘይት አይደርቅም፤ ጎማውንም እያደር ያላላዋል። መጀመሪያ እጀታዋ በመዳፍ ውስጥ መዞር ትጀምራለች፣ ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ ውጭ ትሄዳለች፣ አንድ ቀን ደግሞ ጨርሳ ትሄዳለች።

የሚያስፈልገው ሲያስገቡት የሚያሟልጭ፣ ከገባ በኋላ የሚተን ነገር ነው። እኔ የቧንቧውን ዝገት በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ በንጹሕ ጨርቅ እጠርጋለሁ። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛውን አልኮል እጀታዋ ውስጥ ጠብ አደርግና አፏን በአውራ ጣቴ ደፍኜ እወዘውዛታለሁ። ከዚያ መፍጠን ነው፤ አልኮሉ ሳይተን በአንድ ትንፋሽ እስከ ጥጉ መግፋት፣ መሃል ላይ ቆም ብሎ ማረፍ የለም። ከዚያ ሻይ ጠጥቶ እስኪመለሱ ሳይነኩ መተው። አልኮል ያጣሁ ቀን በዳግም አረቄ ሞክሬው ሠርቶልኛል፤ ማድረቁ ላይ ትንሽ ይዘገያል እንጂ። ባለቤቴ ግን ጠርሙሱ የጎደለው በሳይክል ምክንያት ነው ብላት እስከ ዛሬ አላመነችኝም።

በሳሙና ውኃ የሚያስገቡም አሉ። ከዘይት ይሻላል፤ ግን የቀረው ሳሙና ዝናብ ሲነካው እንደገና ያሟልጫል፣ የእኛ አገር ክረምት ደግሞ የታወቀ ነው። የአየር መጭመቂያ ያለው ጎሚስታ ካለ ከሁሉም ይቀላል፤ አየሩ ከጠርዟ ሥር ሲገባ ጎማዋ ትነፋና ያለ አንዳች ፈሳሽ ትገባለች። ልኩንም ማየት ነው። የብዙው ሳይክል መሪ ውፍረት እጀታው ጋ 22 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ የሰፋች እጀታ ምን ቢደረግላት አትይዝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እጀታ የወለቀበትን መሪ እንዲሁ ባዶውን የሚነዳ ብዙ ነው። ባዶ መሪ ማለት ደግሞ አፉ የተከፈተ ቧንቧ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈረቃ ሲለቅ መንገዱን ሳይክል በሚሞላበት ዘመን፣ እኔ የ11 ዓመት ልጅ ነበርኩ። በሩብ ሰዓት ሂሳብ የሚከራይ ሳይክል ነበር፤ ቀኝ እጀታ የለውም፣ ማን ግድ አለው? ስወድቅ መሪው ዞሮ ጫፉ ከጎድን አጥንቴ ሥር ገባ። ደም ብዙም አልነበረም። ሆዴ ላይ የቀረው ልክ ሳንቲም ተጭኖ የተነሳ የሚመስል ቀይ ክብ ነበር። እናቴ በጨው ውኃ ልታሸኝ ስትል ጎረቤታችን የነበሩ ድሬሰር ከለከሏትና ሐኪም ቤት ወሰዱኝ፤ ሦስት ቀን ተኛሁ። ከላይ ምንም ሳይመስል ጉበት፣ ቆሽት ወይም አንጀት ሊጎዳ እንደሚችል የገባኝ ኋላ ነው። ክቡ አሁንም አለ፤ ሸሚዜን ገልጬ ለማይሰሙኝ ልጆች አሳያቸዋለሁ።

ሌላው እጀታዋ እያለች ጫፏ የተበሳው ነው። ሳይክሉ በየግድግዳው ሲደገፍና ሲወድቅ ቧንቧው ጎማውን ከውስጥ እየበላ ክብ ቀዳዳ ያወጣል። ሰው እጀታ አለኝ ብሎ ይነዳል፤ ያ ግን ከባዶው በምንም አይለይም። ምህንድስና የሚያስተምር አንድ ደንበኛዬ እንዳስረዳኝ፣ አይኤስኦ 4210 የሚባለው የሳይክል ደኅንነት ደረጃ ሁለቱም የመሪ ጫፎች በእጀታ ወይም በክዳን እንዲሸፈኑ ያዛል፤ በ70 ኒውተን ሲሳብ መውለቅ የለበትም ይላል። ሰባት ኪሎ ጤፍ ቢንጠለጠልባት ማለት ነው። የቅዳሜዋ እጀታ አንድ ኪሎ ስኳር የምትችል አይመስለኝም።

በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለሳይክል የራሱ መንገድ አለው፤ ደስ ይላል። ሻጮች ግን ሳይክሉን ለገዢ ከማስረከባቸው በፊት እጀታዋን ጨብጠው አንዴ ጠምዘዝ ቢያደርጓት ምን ይጎድልባቸዋል? ወላጆችም ዛሬ ማታ የልጃችሁን መሪ ጫፍ በጣታችሁ ንኩት። ብረት ከነካችሁ እጀታዋ አልቃለች።

እጀታ እስክትገዙ ድረስ የወይን ጠርሙስ ቡሽ በምላጭ ጠረብ ተደርጎ ቧንቧው ውስጥ በመዶሻ ቢገባ አፉን ይደፍነዋል። ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል አንድ አስተናጋጅ እያጠራቀመ ያመጣልኛል፤ አሁን ግማሽ ማዳበሪያ አለኝ። ለቡሽ አላስከፍልም። ከእሑድ በቀር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ዋርካው ሥር ነኝ።

ሳይክል ጠጋኙ
ከባሕር ዳር