እማዬ፣ ስለ ሚሚ የቀን እንቅልፍ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽስ ተሻለሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ከሰኞ ጀምሮ ሚሚን ቀን ቀን የምትይዢያት አንቺ ስለሆንሽ፣ የእንቅልፏን ነገር በስልክ እየቆራረጥኩ ከምነግርሽ ቁጭ ብለሽ የምታነቢው ይሻላል ብዬ ጻፍኩልሽ። ልጅ ማሳደግ ለአንቺ አይነገርም፤ የጻፍኩት አብዛኛው የሚሚ አመል ነው። አንድ ነገር ላይ ግን አጥብቄ እለምንሻለሁ፤ እሱን ዝቅ ብለሽ ታገኚዋለሽ።

ሁሉም የሚቆጠረው ከነቃችበት ደቂቃ ነው። የ4 ወር ልጅ ሳይከፋት ነቅታ የምትቆየው ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ነው፤ መብላቱም፣ ዳይፐር መቀየሩም፣ ጨዋታውም እዚያው ውስጥ ነው። ስለዚህ «በ4 ሰዓት ትተኛለች» ብለሽ አትጠብቂ። ዓይኗን ስትገልጥ ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጻፊው። 3 ሰዓት ከ10 ላይ ከነቃች፣ 4 ሰዓት ተኩል ላይ መጋረጃው ይዘጋል፣ 4፡40 ገደማ አልጋዋ ውስጥ ናት። ጠዋት ከተነሳች በኋላ ያለው ጊዜ ከሁሉም ያጥራል፤ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ የሚደክማት ቀን አለ። ወደ ማታ ሲሆን ግን 2 ሰዓት ትዘልቃለች። እንዲህ ሲሄድ በቀን 4 ጊዜ፣ አንዳንዴ 3 ጊዜ ትተኛለች፤ ሲደመር ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ተኩል ይሆናል።

ሰዓቱ ይጠቁምሻል እንጂ የምትነግርሽ እሷው ናት። መጀመሪያ ፍዝዝ ትላለች፤ አሻንጉሊቷን ትታ ግድግዳ ላይ ታፈጣለች፣ ፊቷን ከአንቺ ታዞራለች፣ ቅንድቧ አካባቢ ቀላ ይላል። ያኔ ነው ይዘሻት መነሳት። ማዛጋትና ዓይን ማሸት ከጀመረች ትንሽ ረፍዷል፤ ጀርባዋን ወደ ኋላ እየለጠጠች እሪ ካለች ደግሞ አልፏታል። «በደንብ ትድከምና ብዙ ትተኛለች» የሚባለው ሕፃን ላይ አይሠራም። ከልክ በላይ ስትደክም ሰውነቷ የሚያነቃ ሆርሞን ስለሚያመነጭ እንቅልፉን ትታገለዋለች፤ ከተኛችም በኋላ ቶሎ ትባንናለች።

የምትበላው ስትነቃ ነው እንጂ ልትተኛ ስትል አይደለም። በልታ፣ አግስታ፣ ተጫውታ ትተኛለች። ጡጦ አፏ ውስጥ ሆኖ ማንቀላፋት ከለመደች፣ በየመሃሉ ስትነቃ ያንኑ ትጠይቃለች። ነቅታ ሳለች መጋረጃው ወለል ብሎ ይከፈት፤ ቀንና ሌሊትን የምትለየው በብርሃኑ ነው፣ ይህ ልዩነት በዚህ ዕድሜ ገና እየተስተካከለ ነው።

ለማስተኛት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ሁልጊዜ አንድ ይሁን። ዳይፐር፣ መጋረጃ፣ ያቺ እጅጌ የሌላት እንደ ከረጢት የምትለበስ የእንቅልፍ ልብሷ፣ ከዚያ እሹሩሩ። ዜማውን አትቀያይሪባት፤ አንዱን ስትለምደው ገና ስትጀምሪው ሰውነቷ ይላላል። የምትጋደመው ዓይኗ ከበድ ብሎ፣ ግን ሙሉ በሙሉ ሳይከደን ቢሆን ጥሩ ነው። እቅፍሽ ውስጥ ካንቀላፋች ወዲያው አታስቀምጫት፤ የመጀመሪያው እንቅልፏ ቀላል ነው። ክንዷን ትንሽ አንሺና ልቀቂው፤ ዝልፍልፍ ብሎ ከወደቀ ጠልቋታል፣ ጣቶቿ ከተጨበጡ ገና ናት። ስታስቀምጫትም ጭንቅላቷ ቀድሞ ከወረደ የምትወድቅ ስለሚመስላት እጆቿን ዘርግታ ትደነግጣለች። መጀመሪያ እግሯ፣ ከዚያ መቀመጫዋ፣ ጀርባዋ፣ በመጨረሻ ጭንቅላቷ ይረፍ። ደረቷ ላይ ያለውን እጅሽን አንድ ደቂቃ ያህል አታንሺው። የአልጋውን ጎን ዝቅ አድርገሽ ወደ እሷ ተጠጊ፤ ወገብሽን አጉብጠሽ አሻግረሽ አታስቀምጫት። ከተኛች በኋላ ጎኑን መልሰሽ ቆልፊው።

አሁን የምለምንሽ። ሁልጊዜ በጀርባዋ ትተኛ፤ ለ10 ደቂቃም ቢሆን፣ ፊትሽም ሆና ቢሆን። አንቺ እኛን ስታሳድጊ በብዙ አገር ሐኪሞቹ ራሳቸው በሆድ አስተኙ ይሉ ነበር፣ ጥፋቱ የእናቶች አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 ምክሩን ቀየረ፤ ከዚያ ወዲህ ባሉት 10 ዓመታት በአሜሪካ በእንቅልፍ ላይ ሳሉ በድንገት የሚሞቱት ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ያህል ቀነሰ። «ብታቀረሽ ትታነቃለች» የሚለው ስጋት እንደሚገባሽ አውቃለሁ። በጀርባዋ ስትሆን ግን የአየር ቧንቧዋ ከምግብ ቧንቧዋ በላይ ነው፤ የወጣው ወተት ወደ አየር ቧንቧ ለመግባት ሽቅብ መውጣት አለበት። በሆዷ ስትሆን የቧንቧዎቹ ቦታ ይገለበጣል።

አልጋው ውስጥ ጠንከር ያለ ለጥ ያለ ፍራሽና የተወጠረ አንሶላ ብቻ ይኑር። ትራስ፣ ብርድ ልብስ፣ አሻንጉሊት፣ የዳር መከለያ ስፖንጅ አይግባ፤ ቤት ውስጥ ስትተኛ ኮፍያም አይደረግላት፣ ሙቀቷ በጭንቅላቷም ይወጣል። በርዷት እንደሆነ ማጅራቷን ወይም ደረቷን ዳሺ፤ የሕፃን እጅ ቀዝቃዛ ቢሆን ምንም አይደለም። ማጅራቷ ካላበው አንድ ልብስ ቀንሺላት። መገላበጥ ስለጀመረች መጠቅለሉ ቀርቷል፣ እጆቿ ነፃ ይሁኑ። እና እማ፣ አንቺንም እንቅልፍ ካሸነፈሽ ሶፋ ላይ አቅፈሻት አትቀመጪ፤ ከሁሉም የሚያስፈራው እሱ ነው። እሷን አልጋዋ ላይ አድርጊና ከዚያ ጋደም በይ።

ተኝታ ብትንፈራገጥ፣ ብታቃስት፣ ዓይኗ ክድን ክፍት ቢል አልነቃችም። ቶሎ ካነሳሻት ግን የቀሰቀስሻት አንቺ ነሽ፤ ካላለቀሰች 2 ደቂቃ ጠብቂ። በ40 ደቂቃ ውስጥ መንቃቷም አያስጨንቅሽ፤ የሕፃን አንድ ዙር እንቅልፍ ከዚያ ብዙም አይረዝምም፣ ሁለተኛውን ዙር ከመጀመሪያው ጋር ማያያዝ ደግሞ ብዙዎቹ ከ5 ወይም ከ6 ወር በኋላ ነው የሚችሉት። ደረቷ ላይ እጅሽን አሳርፈሽ 10 ደቂቃ ያህል ሞክሪ። እንቢ ካለች ተነሺ በያት፣ መጋረጃውን ክፈቺ፣ የሚቀጥለውን ንቃት ግን በ15 ደቂቃ አሳጥሪው። ሲበዛ ደግሞ ከ2 ሰዓት በላይ በአንዴ አታስተኚያት፤ ቀን የሚዘለለው ምግብ ሌሊት ይጠየቃል።

እንቅልፏ ከወትሮው ከብዶ ለመቀስቀስ ካስቸገረሽ፣ ምግብ እንቢ ካለች፣ ወይም ሙቀቷ 38 ከደረሰ ግን ያ የእንቅልፍ ጉዳይ አይደለም፤ ለእኔ ደውለሽ ሳትውይ ወደ ሐኪም ይዘሻት ሂጂ።

የመጨረሻው የቀን እንቅልፏ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ያብቃ። 11 ሰዓት ላይ ከተኛች በ30 ደቂቃ ቀስቅሻት፤ ትነጫነጭብሽ ይሆናል፣ መስኮት ዳር ወስደሽ ካጫወትሻት ይተዋታል። እኔ ስመጣ የነቃችበትን ወረቀት ብቻ ስጪኝ፣ የማታውን ከዚያ አሰላዋለሁ።

ጉልበትሽን ስሜያለሁ፣
ልጅሽ