ካልሲ ደርበሽ ነይ

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

እህት ዓለም፣ እንደምን ከረምሽ? ሰነበትሽ ልል ነበር፤ ግን ሁለት ክረምት አልፏል። እኔ ደህና ነኝ። እግዚአብሔር ይመስገን።

መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅሽ። ማግባቴን ከሰው ነው የሰማሽው። ተማሪ ሳለን በአንድ ተደራራቢ አልጋ፣ ከላይ እኔ ከታች አንቺ ሆነን ሦስት ዓመት ኖረናል። መብራት ከጠፋ በኋላ ማን የማን ሚዜ እንደሚሆን ስናወራ እንቅልፍ ይወስደን ነበር። እንደዚያ ሆነን ሳለ ጥሪ እንኳ አላደረስኩሽም። ብትቀየሚኝ እውነትሽን ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ተጋባን። ድንኳን የለ፣ ባንድ የለ፣ መኪና የለ። ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን የባለቤቴ አክስት ቤት ሄድን። ሠላሳ ሰው አብሮን ምሳ በላ። በዚያን ሰሞን መንገዱ ይዘጋ ይከፈት ስለነበር እናቴ ከመሐል ሜዳ መድረሷን እስከ ዋዜማው ድረስ እርግጠኛ አልነበርኩም። ማታ 12 ሰዓት ላይ ባና ተሸክማ ከች አለች። የመንዝ በግ ፀጉር፣ ራሷ ፈትላ ያሠራችው። በሩ ላይ ቆሜ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

አንቺን ያልጠራሁሽ ስለነፈግኩሽ አይደለም። ሁለታችን ያሰብነው ሰርግ ስላልነበረ አፈርኩ። ከዚያም «ቤቴ ትንሽ ይሙላ፣ ሶፋ ልግዛ፣ ያኔ እጽፍላታለሁ» አልኩ። ወር ወርን ወለደ። ሶፋውም አልተገዛ። አሁንም የለኝም። ያለኝን ነው የምጽፍልሽ።

ቤታችን አንድ ክፍል ሰርቪስ ናት። ኪራይዋ 3,500 ብር ነው። አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት በርጩማ፣ ረከቦት፣ የድስትና የሳህን መደርደሪያ። ልብሳችን በሁለት ሻንጣ አልጋ ሥር ነው። ፍሪጅ አልገዛንም፤ እዚህ አገር በዚህ ወር ወጥ ሳይበላሽ ሦስት ቀን ያድራል። ሰሞኑን ውርጩ ብሶበታል። ትናንት ጠዋት ግቢ ውስጥ ያደረው ባልዲ ላይ ስስ በረዶ ጋግሮበት ነበር። ባለቤቴ በጣቱ ሰበረውና ቁራጩን ይዞልኝ ገባ። እንደ መስታወት ያሳያል። እጁ ላይ እስኪቀልጥ ድረስ ቆመን አየነው።

አከራያችን እማማ ጡረታ የወጡት ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ነው። ትዝ ይልሻል፣ በ1950ዎቹ የተቋቋመው። ዕድሜያቸውን እዚያ ነው የጨረሱት። የገባን ዕለት «ይሄ ብርድ አዲስ ሰው ይፈትናል» ብለው አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰጡን። ከታች የሳቸው፣ ከላይ የእናቴ ባና። ብርድ አይነካንም። እንጀራም በሳቸው ምጣድ ነው የምጋግረው፤ ኩበቱን እኔ እገዛለሁ፣ ለሳቸውም አብሬ እጋግራለሁ። ጤፍ ብቻውን አይቻልም። እናቴ ከምትልከው ገብስ እቀላቅላለሁ። መጀመሪያ ይደርቅብኝ ነበር፤ አሁን እጄ ለምዶታል።

እኔ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። እሱ ሒሳብ ያስተምራል። ትምህርት ቤቱ ጠባሴ በኩል ነው፤ ከቤታችን በእግር 40 ደቂቃ። ይቺን 40 ደቂቃ ልብ በይልኝ፤ ዋናው ወሬዬ እሷ ላይ ነው።

እንደተጋባን የወጪ ደብተር ገዛን። ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ የመብራት ካርድ፣ ሁሉም ይጻፋል። ስንጀምር ጎበዞች ነበርን። እቁብ ገባን። ማኪያቶ ተው፣ ኬክ ተው፣ ሽርሽር ተው። በሦስተኛው ወር ቤቱ ውስጥ ሳቅ አልነበረም። አንጣላም ነበር። ዝም ብቻ። እሱ ፈተና ያርማል፣ እኔ ደብተሩን እደምራለሁ።

ሰኔ ውስጥ አንድ ቀን ሥራ ላይ ሳለሁ አዞረኝና ወንበር ላይ ተዘረገፍኩ። ጓደኞቼ ስኳር በጥብጠው አጠጡኝ። ለሱም ደወሉለት። ለካ ለሁለት ወር ያህል ምሳዬን ትቼ በዳቦና በሻይ ነበር የምውለው። እሱን «ከልጆቹ ጋር በላሁ» እለው ነበር። በደብተሩ ላይ የምሳው ብር ሳይነካ ሲቀር ደስ ይለኛል።

እየሮጠ መጣ። ዝናብ ነበር። ቤት ይዞኝ ገባ፣ አልጋ ላይ አስቀመጠኝ፣ በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን አወለቀ። ካልሲው ይጨመቃል። ጫማውን ግድግዳው ሥር ሲያቆመው ውስጡ ታየኝ። ሶሉ ተበልቷል። ሶሉ ላይ በእግሩ ልክ የተቆረጠ ካርቶን አንጥፎበታል፤ ካርቶኑ ውኃ ጠጥቶ እንደ በሶ ላሽቋል። «ባጃጅ አትሳፈርም እንዴ?» አልኩት። ዝም አለ። ከሚያዝያ ጀምሮ ጠዋትም ማታም በእግሩ ነበር። የባጃጁ ብር እየተቆጠበ ለእኔ የክረምት ጫማ ሊሆን ነበር።

ሁለታችንም አለቀስን። እኔ ተናደድኩም። ይሄን ሁሉ ጊዜ አጠገቤ ተኝቶ እግሩ እርጥብ መሆኑን አላየሁም። እሱም እኔ መክሳቴን አላየም። ደብተሩ ላይ ሳንቲሟ ሁሉ ተጽፋለች፤ የሁለታችን ጉዳት ግን አንድም መስመር ላይ የለም። ድህነት እንዲህ አድርጎ አልጎዳኝም ነበር። የጎዳኝ ተደባብቀን መቆጠባችን ነው።

የዚያን ማታ ደብተሩን እንደገና ጻፍነው። ምሳ ገባ። ዝናብ ሲዘንብ ባጃጅ ገባ። የሱ ጫማ ከሁሉ በፊት ገባ። ከዚያ እሱ አንድ መስመር ጨመረ፤ «የሁለታችን፣ 600 ብር» ብሎ። ደመወዝ እንደገባ ከቤት ኪራዩ ቀጥሎ የሚነሳው እሱ ነው። የሚቀመጠው በኒዶ ጣሳ ውስጥ ነው። ከዚያ ብር ላይ ሽንኩርት አይገዛም፣ እቁብ አይከፈልም። የደስታችን ነው። ከዚህ በኋላ አንዳችን ካንዳችን ተደብቀን እንዳንቆጥብም ቃል ተገባባን።

ያኔ ነው አንቺ ትዝ ያልሽኝ። ካንቺም የተደበቅኩት እንደዚያው ነበር። ጎደሎዬን እንዳታይ ብዬ ራሴን ቆጠብኩብሽ። ያኔውኑ ልጽፍልሽ አስቤ ነበር፤ እፍረቱ ግን እስከዛሬ ያዘኝ።

አሁን ስለዚያ ጣሳ ላውራሽ፤ ደስ የሚለው ወሬ እሱ ነው። 600 ብር ለወር ምን ይሆናል ትይ ይሆናል። ከተማዋን በአዲስ ዓይን አየናት ብልሽ እመኚኝ። ተማሪ ሳለን ደብረ ብርሃንን ብርዷን ብቻ ነበር የምናውቃት። አራት ዓመት ሙሉ ያማረርናት ከተማ ናት እኮ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላችንን እንደለበስን በአስፋልቱ ዳር እንሄዳለን። አንድ ጥግ ላይ ጀበና ቡና የምታፈላ ሴት አለች። በርጩማዎቿን ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዙራ ነው የምትደረድራቸው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ትከሻሽ ላይ ስታርፍ የሌሊቱ ብርድ ከአጥንትሽ ሲወጣ ይሰማሻል። ከባሕር ወለል በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የሚኖር ሰው ነው ይሄን ፀሐይ የሚያውቀው። ሁለት ሲኒ ቡና፣ አንድ እፍኝ ፈንድሻ። አንድ ሰዓት ተኩል እንቀመጣለን። ማንም ተነሱ አይለንም።

ደመወዝ የገባ ቀን ካፌ እንገባለን። አንድ ኬክ፣ ሁለት ሹካ። ክሬሙን እሱ ለኔ ይተውልኛል፤ ቂጣውን እኔ ለሱ። እሱ የአርሰናል ደጋፊ ነው። ትልልቅ ጨዋታ ሲኖር ዲኤስቲቪ ቤት አብረን እንገባለን። መጀመሪያ ሴት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ከብዶኝ ነበር። አሁን ቦታ ይይዙልኛል። ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ ገብቶኛል፤ ስትመጪ አስረዳሻለሁ።

ሰልባጅ ተራ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ገብተን ምንም ሳንገዛ የምንወጣበት ቀን አለ። ግን ጥቅምት ላይ ለሱ አንድ የሱፍ ካፖርት አገኘሁ። ሻጩ 900 አለኝ። ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። በአራተኛው 450 ሰጠኝ። አዝራሩን ቀየርኩለት፣ ሽፋኑን በእጄ ሰፋሁት። አስተማሪዎቹ ከአዲስ አበባ የተላከለት መስሏቸዋል። እሱ ግን «ሚስቴ ናት ያገኘችልኝ» እያለ ዋጋውን ሁሉ ነገራቸው።

መስከረም ላይ በረሳ ወንዝ ዳር ዳቦና ቴርሞስ ይዘን ወጣን። ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ፣ በጎቹ ተበትነው፣ ሰማዩ ታጥቦ። የፈጀነው ብር የለም። የዚያን ቀን ፎቶ አብሬ ልኬልሻለሁ። ፊቴ ላይ ያለውን እዪልኝ።

መብራት የሚጠፋበት ማታ ደግሞ አለ። መጀመሪያ እበሳጭ ነበር፤ ሽሮው ምድጃ ላይ ጥሬውን ይቀራል። አንድ ምሽት ግን ባናውን ተከናንበን ግቢ ወጣን። ጨረቃ የለም። ኮከቡ እንደ ጤፍ ፈሷል። ባለቤቴ ያኔ የከተማዋን ታሪክ አወራኝ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ ሰማይ ላይ ብርሃን ታይቶ ነው ቤተ ክርስቲያን ያሠሩትና ስሟን ደብረ ብርሃን ያሉት። ታሪኩን ድሮም ክፍል ውስጥ ተምረነዋል። ግን ቀና ብዬ እያየሁ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ መብራት ሲጠፋ አስቀድሜ ባናውን ነው የማነሳው።

ሁሉ ሞልቷል እያልኩሽ አይደለም። ዘይት ሲጨምር ልቤ ይደነግጣል። እሱ በየወሩ ለታናሽ እህቱ ይልካል፤ እኔ ለእናቴ። አንዳንድ ወር ጣሳው በ20 ቀኑ ባዶ ይሆናል። ልጅ መቼ ነው የሚሉን አሉ። እኛም እናስባለን፤ ይሄ አንድ ክፍል ሲታየን ዝም እንላለን። እቁቡ ሲደርሰን ምጣድ ልንገዛ ነው፤ ከዚያ ሁለት ክፍል እንፈልጋለን። አንኮበር ልንሄድም አስበናል። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ እኮ ነው። የምኒልክን ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ፣ ጭላዳዎቹንም ላሳየው ብዬዋለሁ። መንገዱ ሙሉ ሰላም ይሁን እንጂ የደርሶ መልሱ ብር ጣሳው ውስጥ ተለይቶ ተቀምጧል።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ሥራሽ እንዴት ነው? እናትሽ ጤናቸው ተመለሰ? ያ ሰውዬ እንዴት ሆነ፣ ስሙን ሳልጽፍ ታውቂዋለሽ። ሁሉንም ጻፊልኝ። ጎደሎውንም ጻፊልኝ። እኔ ጎደሎዬን ጽፌልሻለሁ።

ለገና ነይ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሁለት ዓመት የሚያቆራርጥ ርቀት አይደለም። ሶፋ የለም ብዬሻለሁ። ትናንት ግን ከሥራ ስወጣ ገበያ ጎራ ብዬ ከጣሳው ብር ላይ አንድ በርጩማ ገዛሁ። ለባለቤቴ ነግሬው ነው፤ ተደብቄ አይደለም። አሁን መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ማንም አልተቀመጠበትም። ያንቺ ነው። ባናውንም ላንቺ እንለቅልሻለን፤ እኛ የእማማ ብርድ ልብስ ይበቃናል።

ጠዋት ነው መነሳት ያለብሽ። ላምበረት ስትሳፈሪ ደውዪልኝ፤ እኔና እሱ መናኸሪያ እንጠብቅሻለን። ለእማማ አንድ ኪሎ ስኳር ያዢላቸው፣ ሌላ ምንም አታምጪ። ካልሲ ግን ደርበሽ ነይ።

የላይኛው አልጋሽ