ልጆቻችን ይናገሩ፦ ለአዲስ አበባ ትምህርት ቢሮ ግልጽ ደብዳቤ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ተማሪዎች በክፍል ውስጥ የመናገርና የመደማመጥ ጊዜ እንዲሰጣቸው ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣ ጤና ይስጥልኝ።

አራት ኪሎ አካባቢ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ፎቶ ኮፒ፣ መስከረም ሲጠባ ደግሞ የደብተር መሸፈኛ እሸጣለሁ። የሁለት ልጆች እናትም ነኝ። ጠዋት ከደወል በፊትና ከሰዓት ተማሪ ሲለቀቅ ሱቄ በዩኒፎርም ይሞላል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከባንኮኒው ኋላ ቆሜ በየቀኑ የማየው ነገር ስላሳሰበኝ ነው።

ልጆቻችን ጎበዞች ናቸው። ያነባሉ፣ ይጽፋሉ፣ ስልክ መነካካቱን ከኛ በላይ ያውቁበታል። ግን የሚፈልጉትን ነገር ለማያውቁት ሰው በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት የሚከብዳቸው ብዙ ናቸው። ገና ቀና ብለው ሳያዩኝ ጣታቸውን ወደ መደርደሪያው ይቀስራሉ። "ያቺን" ይላሉ። "የቷን?" ስላቸው ድምፃቸው ይጠፋል።

በቅርቡ አንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ከእናቱ ጋር መጣ። "ምን ልስጥህ የኔ ጌታ?" አልኩት። እናቱን አየ። "ኮምፓስ ነው የሚፈልገው" አለችኝ እሷ። "የብረቱን ነው የፕላስቲኩን?" ብዬ እንደገና ወደ ልጁ ዞርኩ። አሁንም መልሱ ከእናቱ መጣ። "መምህራችሁ የትኛውን ግዙ አሉ?" ስለው ትከሻውን ሰበቀ። እናትየው "አፍሮ እኮ ነው፣ ጨዋ ነው" አለችኝ፤ ፊቷ ላይ ኩራት ይነበባል። ልጁ ጨዋ መሆኑ ያስታውቃል። ግን ይህ ልጅ ነገ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ "መምህር፣ እዚህ ጋ አልገባኝም" ይላል? ትልቅ ልጅ ሲያስቸግረው ለማን ይናገራል? ሆዱን ሲያመው የቱ ጋ እንደሚያመው ለሐኪም ያስረዳል?

እናቶችን ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው። አገራችን ልጅን ዝም ሲል የምታመሰግን ናት። "ትልቅ ሰው ሲያወራ ልጅ አይገባም" እየተባልን ነው ያደግነው። በሌላ በኩል ደግሞ "ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል" ያሉት እነዚያው አባቶቻችን ናቸው። ሁለቱንም ይዘው መሄድ የቻሉት ልጅ ንግግር የሚለማመድበት ቦታ ስለነበረ ይመስለኛል። ማታ ማታ እንቆቅልሽ ነበር። "እንቆቅልህ?" ሲባል "ምን አውቅልህ" ብሎ መመለስ፣ ጥያቄውን እስኪያልቅ ማዳመጥ፣ ካላወቁ አገር መስጠት፣ ከዚያ ስድቡን እየሳቁ መቀበል። ተራ መጠበቅንም፣ መሸነፍንም፣ ቃል መምረጥንም እዚያ እንማር ነበር። ጎረቤት ቤት መላክ ነበር፦ "እማዬ ሰላም በያቸው ብላለች፣ ቡና ደርሷል ብላለች።" የስድስት ዓመት ልጅ ሙሉ መልእክት ይዞ ሄዶ፣ መልስ ይዞ ይመለሳል። በቴሌቪዥን እንኳ አባባ ተስፋዬ ተረት ይነግሩን የነበረው ልጆች በተሰበሰቡበት ነው፤ ልጆቹም እየተነሱ የራሳቸውን ያወሩ ነበር።

አሁን ያ ቦታ ጠቧል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና አራት ኪሎ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ጎረቤት ተበታትኗል። መንገዱ አምሯል፤ እኔም በየቀኑ እሄድበታለሁ። ግን ከግቢ ወደ ኮንዶሚኒየም የገባ ልጅ "ሰላም በያቸው" ተብሎ የሚላክበት ደጅ የለውም። በሩ ይዘጋል፣ ስልክ ይሰጠዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጡ፣ ከዚያ በታች ያሉት ደግሞ ጭራሽ ባይሰጣቸው እንደሚሻል መክሯል። ምክንያቱ ለማንም እናት ግልጽ ነው። ሕፃን አፉን የሚፈታው የሚመልስለት ሰው ሲያገኝ ነው። እሱ "ባ" ሲል "ባባ አልክ?" የሚለው ሰው ያስፈልገዋል። ስልኩ ያወራል እንጂ ሕፃኑን አያዳምጠውም።

ሰፈሩ የሚሰጠው ከቀነሰ ትምህርት ቤት መጨመር ነበረበት። ወደናንተ የመጣሁትም ለዚህ ነው፤ ትምህርት ቤት ውስጥ የማየው የተገላቢጦሹን ነውና።

ሰሌዳው ላይ የሚጻፈውን ስም ታውቁታላችሁ። መምህሩ ወጣ ሲሉ የክፍል አለቃው ጠመኔ ይይዛል። ሰሌዳው ጥግ ላይ "ያወሩ" ብሎ ይጽፍና ስም መደርደር ይጀምራል። ደግሞ ያወራ ከስሙ ጎን ኤክስ ይጨመርለታል። መምህሩ ሲመለሱ ስሙ የተጻፈ ሁሉ ይንበረከካል ወይ ወደ ውጭ ይወጣል። ትንሿ ልጄ አንድ ቀን አኩርፋ መጣች። ስሟ ሁለት ኤክስ ነበረው። ምን እያወራሽ ነበር ስላት፣ አጠገቧ ለተቀመጠችው ልጅ ክፍልፋይ እንዴት እንደሚደመር እያስረዳቻት ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ጓደኛዋ ስትጠይቃት "ኋላ እነግርሻለሁ" እንደምትላት ነገረችኝ። ትምህርት ቤቱን አልጠራም። ይህ የአንድ ትምህርት ቤት ጉዳይ አይደለም፤ እኔም ልጅ ሆኜ ስማችን እንዲሁ ይጻፍ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ካርድ ሲመጣ ደግሞ ጸባይ ላይ ኤ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ድምፁ ያልተሰማ ልጅ ነው።

እለምናችኋለሁ፣ ይህን ዝርዝር አስቀሩልን። በአንድ ሰርኩላር የሚያልቅ ነገር ነው። የረበሸ ልጅ አይቀጣ አላልኩም። የረበሸና ያወራ ግን ይለዩ።

ሁለተኛው ነገር በጀት እንኳ አይጠይቅም። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በአውሮፓውያኑ 1970ዎቹ የሳይንስ መምህራንን ክፍል ውስጥ እያደመጠች አጠናች። መምህራኑ ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ ለመልሱ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ከዚያ ወይ ሌላ ልጅ ይጠራሉ፣ ወይ ራሳቸው ይመልሱታል። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ እንዲጠብቁ ሲደረግ የልጆቹ መልስ ረዘመ። ዝም ይሉ የነበሩት መመለስ ጀመሩ። ልጆቹ እርስ በርስ መጠያየቅም አመጡ። ሦስት ሰከንድ ማለት በሆዳችሁ ሦስት እስክትቆጥሩ ነው። አይናፋር ልጅ መልሱን አጥቶት አይደለም ዝም የሚለው። ቃሉን እስኪያሰናዳ ጎበዙ ቀድሞት ነው። በክረምት ሥልጠና ላይ ለመምህራን ይህቺ ብቻ ተነግራ፣ ተለማምደውባት ቢመለሱ ብዙ ልጅ ትታደጋለች።

መምህራን ምን እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ብዙዎቹ ደንበኞቼ ናቸው። "ክፍሌ ውስጥ 50 ልጅ አለ፣ ማንን አናግሬ ልጨርስ?" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። በ40 ደቂቃ 50 ልጅ ተራ በተራ ይናገር ቢባል፣ መምህሩ ምንም ሳያስተምር እንኳ ለአንድ ልጅ አንድ ደቂቃ አይደርሰውም። ግን ልጆቹ ዴስክ ላይ ጎን ለጎን ነው የተቀመጡት። "አሁን የተማርነውን ለአጠገብሽ ልጅ ንገሪያት፤ ከዚያ ተራ ቀይሩ" ቢባል በስድስት ደቂቃ ውስጥ ክፍሉ ሙሉ ሦስት ሦስት ደቂቃ ያወራል። ጫጫታ ይኖራል፣ አዎ። ርዕሰ መምህሩ በመስኮት ሲያልፉ ያንን ጫጫታ እንደ ሥራ እንዲያዩት ግን ከናንተ የተጻፈ ነገር ያስፈልጋል። አለበለዚያ የሚሞክረው መምህር ክፍል መቆጣጠር የማይችል ተብሎ ይገመገማል።

የአማርኛ መጽሐፉን አይቼዋለሁ። ማዳመጥ አለ፣ መናገር አለ፣ ማንበብ አለ፣ መጻፍ አለ። ያዘጋጁት ሰዎች አስበውበታል። ነገር ግን የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ፈተና ወረቀት ላይ ነው፤ መልሱም ማጥቆር ነው። የማይፈተን ነገር ደግሞ ይዘለላል። "መናገር" የሚለው ገጽ ሲደርስ "ይህን ቤታችሁ ሥሩ" ይባላል። ቤት ውስጥ ከማን ጋር እንደሚሠራ ማንም አይጠይቅም። የከተማውን ፈተና ለውጡ አልልም። ከተከታታይ ምዘናው ጥቂት ማርክ ግን ልጁ ቆሞ አንድ ነገር በመተረኩ፣ የሌላውን ንግግር አዳምጦ ጥያቄ በመጠየቁ ይሰጥ። ማዳመጡም ማርክ ይኑረው። ሳያቋርጡ ማዳመጥ ትልልቆቹም የሚያቅተን ነገር ስለሆነ በልጅነት ቢያዝ ይሻላል።

የሚንተባተቡ ልጆችን እንዳትረሱብኝ አደራ። ብዙ ሕፃናት አፋቸውን በሚፈቱበት ዕድሜ ይንተባተቡና አብዛኞቹ ይተዉታል። አንዳንዶቹ ጋ ይቆያል። እነዚህ ልጆች ክፍል ውስጥ ጮክ ብለው እንዲያነቡ ሲጠሩ የሚደርስባቸውን ሳቅ ታውቁታላችሁ። መምህሩ ማወቅ ያለበት ትንሽ ነገር ነው፦ ቃሉን አይጨርስለት፣ "ረጋ በል" አይበለው፣ ዐይኑን እያየ ይጠብቀው፣ የሚስቅ ካለም ያስቁም። ከዕድሜው ጋር ሲነጻጸር ንግግሩ በጣም የዘገየ ልጅ ሲያጋጥም ደግሞ "ሰነፍ ነው" ከመባሉ በፊት ጆሮው ይታይለት።

ስለ ግል መዋዕለ ሕፃናቱም አንድ ነገር ልበል። ግቢ ውስጥ አማርኛ የተናገረ የሚቀጣባቸው አሉ። ወላጅ ይከፍልበታል፣ ይኮራበታልም። እንግሊዝኛ አይማሩ አልልም፤ የኔም ልጆች ይማራሉ። ግን የአራት ዓመት ልጅ ጓደኛው ሲገፋው "ለምን ገፋኸኝ? አመመኝ" የሚለው በምን ቋንቋ ነው? በሚያውቀው ቋንቋ ከተቀጣ፣ በማያውቀውም ካልቻለ የሚቀረው መምታት ወይ ማልቀስ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሁን ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። እነዚህን ቦታዎች ስትቆጣጠሩ ሽንት ቤቱንና ክፍሉን እንደምታዩት ይህንንም እዩልን።

በእነዚሁ ትምህርት ቤቶች ኮሙኒኬሽን ቡክ የሚባል ደብተር አለ። እኔም እሸጠዋለሁ። መምህሯ ትጽፋለች፣ እናት ትፈርማለች። ልጁ ያን ቀን ምን እንደበላ፣ ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ምን እንደጎደለው ሁሉ እዚያ ላይ አለ። ልጁ ግን ተሸክሞት ይሄዳል እንጂ አንድ ቃል አይጠየቅም። መምህሯ ከመጻፏ በፊት "ዛሬ ለእማዬ ምን ትነግራታለህ?" ብትለው ምን ነበረበት? የወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ስብሰባ ላይም እንዲሁ ነው። ስለ ልጁ እናወራለን፣ ልጁ ውጭ ይጠብቃል። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ገብቶ ምን እንደከበደው ራሱ ይናገር።

ይህ የመብት ጉዳይም ነው። የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር የጸደቀው በሐምሌ 1982 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ነው። አንቀጽ 7 ሐሳቡን መግለጽ የሚችል ልጅ ሁሉ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን በነፃነት የመግለጽ መብት እንዳለው ይናገራል። ለኔ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ጥቃት ነው። የደረሰበትን በቃል መንገር ያልለመደ ልጅ፣ ክፉ ሰው "ለማንም እንዳትናገር" ሲለው ዝም ይላል። ዝም ማለትን ስናስተምረው ኖረናልና።

አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደጃችን ላይ ነው። ቤተ መጻሕፍት ዝም የሚባልበት ቦታ ቢሆንም ከአስተዳደሩ ጋር ተነጋግራችሁ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ክፍል ለልጆች ንግግር ይከፈት። የአካባቢው አያቶች መጥተው እንቆቅልሽና ተረት ያጫውቷቸው፣ ልጆቹም መልሰው ይተርኩ። የትምህርት ቤቶቹ ሚኒ ሚዲያም በተመረጡ አራት አምስት ጎበዞች ብቻ አይያዝ። ማይኩ በየሳምንቱ ለሌላ ክፍል ይዙር። ወረቀት ማንበብ ብቻ ሳይሆን ጓደኛን ቃለ መጠይቅ ማድረግም ይግባበት።

የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅድ ከመጨረሳችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉልኝ። ከአራዳ ክፍለ ከተማ ትምህርት ቤቶች ልጆች ጥሩ። ደረጃ የወጡትን ብቻ አትጥሩ፤ ስማቸው ሰሌዳ ላይ የሚጻፈውንም፣ ድምፃቸው ተሰምቶ የማያውቀውንም ጨምሩ። ወላጅም ርዕሰ መምህርም በሌለበት "ክፍል ውስጥ ለመናገር ምን ያስፈራችኋል?" ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሱ ቶሎ ባይመጣም ጠብቋቸው። የነገሯችሁን ጻፉትና ዕቅዱ ውስጥ የቱ ጋ እንደገባ ለኛ ለወላጆች በየትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አሳውቁን።

ከአክብሮት ጋር
አራት ኪሎ የምትነግድ የሁለት ልጆች እናት