ላፕቶፕሽን ከማስቀመጥሽ በፊት

ልጄ፣ ላፕቶፑን ለጥቂት ወራት እንደማትነኪው ስትነግሪኝ ቶሎ ያሰብኩት ባትሪውን ነው። እባክሽ ይህቺን ሳታነቢ አትዝጊው።

ብዙ ሰው ጢም አድርጎ ሞልቶ ያስቀምጣል፤ ስመለስ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቀኛል ብሎ። የላፕቶፕ ባትሪ፣ ማለትም ሊቲየም አዮን የሚባለው፣ ግን ይህን አይወድም። ሲሞላ ውስጡ ያለው እያንዳንዱ ሴል (ትንሽ ባትሪ በይው) ወደ 4.2 ቮልት ይደርሳል፣ እዚያ ላይ ለወራት ሲቆይ ማንም ሳይጠቀምበት ውስጡ ያለው ኬሚካል ቀስ በቀስ ይበላሻል፣ ቻርጅ የመያዝ አቅሙም አብሮ ይወርዳል። ባዶውን ማስቀመጥ ደግሞ የባሰ ነው። ባትሪ ዝም ብሎ ተቀምጦም ትንሽ ትንሽ ያልቃል። ቮልቴጁ ከልክ በታች ከወረደ መከላከያ ሰርኪቱ ይዘጋዋል፤ ከዚያ በኋላ ቻርጀር ብትሰኪም ላይነሳ ይችላል።

ስለዚህ 50 በመቶ አካባቢ ሲሆን አጥፊው። 40 ወይም 60 ቢሆንም ችግር የለውም፣ በቁጥሩ አትጨነቂ። ክዳኑን መክደን ግን ማጥፋት አይደለም፣ ስሊፕ ላይ ሆኖ ባትሪውን መብላቱን ይቀጥላል። ሸት ዳውን አድርጊው፣ ቻርጀሩን ንቀዪ፣ ፍላሽም ሆነ ማውስ ተሰክቶ አይቅር።

ከሁሉም በላይ የምፈራልሽ ሙቀቱን ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት 40 በመቶ ተሞልቶ ዓመት የተቀመጠ ባትሪ ከአቅሙ 96 በመቶ ያህሉን ይዞ ይቆያል፤ ሙሉ ሆኖ 40 ዲግሪ ላይ የከረመው ግን ወደ 65 በመቶ ይወርዳል። ልዩነቱን አየሽው? መኪና ውስጥ፣ ፀሐይ የሚያርፍበት መስኮት ሥር፣ በፍጹም እንዳታስቀምጪው። ቀዝቃዛ ይሁን ብለሽ ፍሪጅ ውስጥም አትክተቺው፣ እርጥበቱ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ደረቅ ቁም ሳጥን ይበቃዋል።

በየሁለት ሦስት ወሩ አውጥተሽ እዪው፤ ስልክሽ ላይ አስታዋሽ ሙዪ፣ አለዚያ መርሳትሽ አይቀርም። ወደ 20 ከወረደ 50 አድርሰሽ መልሺው። ባወጣሽው ቁጥር መጀመሪያ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አድርጊው። ከተወዛወዘ፣ ወይም ታችፓዱ ወደ ላይ ከተገፋ ባትሪው አብጦ ሊሆን ይችላል። ያኔ ቻርጅ አታድርጊው፣ አትጫኚው፣ ለመብሳትም እንዳትሞክሪ፣ እሳት ሊነሳ ይችላል፤ በቀጥታ ለባለሙያ ውሰጂው።

ስትዘጊው ስንት በመቶ ላይ እንደነበረ ጻፊልኝ።

አባትሽ